ዋጋውን ስትጠይቁ ማን እንደሠራውም ጠይቁ

ለሆቴልና ለእንግዳ ማረፊያ ባለቤቶች፣ ለቤት ውስጥ ዲዛይነሮች፣ ለድርጅት የግዢ ክፍል ሠራተኞች፣ እንዲሁም አዲስ ቤት ለምትገቡ ሁሉ

ጤና ይስጥልኝ።

የምጽፍላችሁ ከካራ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን ሲወጣ፣ ከተማው ሊያልቅ ሲል ያለው ሰፈር ማለቴ ነው። እዚህ ምንጣፍ፣ የትራስ ልብስና የግድግዳ ጌጥ በእጅ የሚሠራበት አነስተኛ ወርክሾፕ አለን። እኔ ሸማኔ አይደለሁም። ትእዛዝ እቀበላለሁ፣ ሒሳብ እይዛለሁ፣ ደንበኛ አነጋግራለሁ። ከእናንተ ጋር ስለ ዋጋ የምከራከረው እኔ ስለሆንኩ ይህን ደብዳቤ መጻፍም የእኔ ድርሻ ነው ብዬ አሰብኩ።

የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። በእጅ የተሠራ ምንጣፍ ወይም ጨርቅ ስትገዙ "ስንት ነው?" ከማለታችሁ በፊት "ማን ሠራው? ዕድሜው ስንት ነው? እንዴት ነው የሚከፈለው?" ብላችሁ ጠይቁ። ሻጩ መመለስ ካልቻለ የቱንም ያህል ቢረክስ አትግዙ።

ይህን አሁን የምለው ገበያው ስለተለወጠ ነው። ድሮ ሰው ሳሎኑን ሲያሳምር የሚታየው የፋብሪካ ምንጣፍ ነበር። የእጅ ሥራ የድህነት ምልክት ይመስል ነበር። አጎዛውም ሰሌኑም ከሳሎን ወደ ጓዳ፣ ከጓዳ ወደ ውጭ ተባረሩ። ዛሬ አፓርታማ የገዙ ወጣቶች፣ ሎጅ የሚከፍቱ ሰዎች፣ ቢሮ የሚያድሱ ድርጅቶች በእጅ የተሠራ ካልሆነ አንፈልግም እያሉ ይመጣሉ። ደማቅ አበባ የሞላበትን ትተው ቀለም ያልነካው ሱፍ፣ ቀላል መስመር፣ ከሽመናችን የተወሰደ ጥለት ይመርጣሉ። እኔ በዚህ በጣም ደስ ይለኛል። ግን ፍላጎቱ እንዲህ እየጨመረ ማንም ካልጠየቀ፣ በርካሽና በፍጥነት የሚያቀርብ ሰው መምጣቱ አይቀርም። የሚረክሰውና የሚፈጥነው ደግሞ በማን ጉልበት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

በመጀመሪያ ምንጣፉ ከየት እንደሚመጣ ልንገራችሁ።

የእኛ ሱፍ የሚመጣው ከመንዝ ነው። የመንዝ በግ የብርድ አገር በግ ነው። ጸጉሩ ረጅምና ሻካራ ነው። ሹራብ ቢሠራበት ገላ ይኮሰኩሳል። ለምንጣፍ ግን ሻካራነቱ ነው የሚፈለገው፤ ሲረገጥ ቶሎ አይተኛም። የመንዝ ሰው ባናና ዝተት የሚባሉትን የሱፍ ልብሶች ሲሠራ የኖረው በዚሁ ሱፍ ነው። ጥቁር አለው፣ ነጭ አለው፣ ቡናማ አለው፣ ግራጫ አለው። በደንብ ከተለየ ምንም ማቅለሚያ ሳይነካው ሙሉ ምንጣፍ ይወጣዋል። ማቅለሚያ ባልተጠቀምን ቁጥር ወደ ወንዝ የሚሄድ የቀለም እጣቢም አይኖርም። ለዚህ ስል ደንበኛ ቀለም ሲመርጥ በመጀመሪያ የማሳየው የበጉን የራሱን ቀለም ነው።

ሱፉ ይሸለታል። ቅባቱ እስኪለቅ ይታጠባል። እሾሁና ጭረቱ በእጅ ይለቀማል። ይበጠራል። ከዚያ በእንዝርት ይፈተላል።

እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ። ሰው ስለ እጅ ሥራ ሲያወራ የሚያነሳው ሸማኔውን ነው። ፎቶ የሚነሳውም ሸማኔው ነው። ፈታይዋ ትረሳለች። አንድ ሸማኔ ሥራ ሳይፈታ እንዲውል ከአንድ በላይ ፈታይ ያስፈልጋል። ስለዚህ በአንድ ምንጣፍ ውስጥ ካለው የሰው ጊዜ ትልቁን ድርሻ የያዙት አብዛኛውን ጊዜ ፈታዮቹ ናቸው። አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፣ ብዙዎቹም በዕድሜ የገፉ ናቸው። በተለምዶ የሚከፈላቸው በኪሎ ነው። ችግሩም እዚህ ጋ ነው። ቀጭንና እኩል ክር መፍተል ወፍራም ክር ከመፍተል በጣም የበለጠ ጊዜ ይወስዳል፤ ሚዛን ላይ ሲወጣ ግን ኪሎ ያው ኪሎ ነው። ጎበዟ ፈታይ በጉብዝናዋ ትጎዳለች ማለት ነው። እኛ ይህን አይተን ክፍያውን በክሩ ቅጥነት ደረጃ አወጣንለት። ወጪያችን ጨመረ። ክራችን ግን ተለወጠ፣ ፈታዮቹም ወደ ሌላ ሥራ መሄድ አቆሙ። ምንጣፋችን ለምን እንደሚወደድ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ የመልሱ አንዱ ክፍል ይህ ነው።

ሌላው ክፍል ጊዜ ነው። ጠፍጣፋ ሆኖ የሚሸመን ምንጣፍ አለ፤ እሱ ይፈጥናል። ክሩ በድሩ ላይ፣ ማለትም በቁመት በተወጠረው ክር ላይ፣ አንድ በአንድ እየታሰረ የሚሠራው ግን ሌላ ነገር ነው። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። በአንድ ካሬ ሜትር 60,000 ቋጠሮ ያለውን ምንጣፍ ውሰዱ፤ ይህ በዓለም ገበያ ደቃቅ የሚባል ሥራ አይደለም። 2 በ3 ሜትር ቢሆን 360,000 ቋጠሮ ይሆናል። በቀን 6,000 ቋጠሮ የሚያስር ሰው ብቻውን ቢሠራው 60 የሥራ ቀን ይፈጅበታል። ከዚያ በኋላ ጸጉሩ በመቀስ ይስተካከላል፣ ምንጣፉ ይታጠባል፣ ተወጥሮ ይደርቃል። በክረምት ማድረቁ ብቻ ያስጨንቀናል፤ የካራን ብርድና ጭጋግ የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

እንግዲህ አንድ ዲዛይነር ከፒንተረስት ላይ ያወረደውን ፎቶ በቴሌግራም ልኮልኝ "ይሄን በሁለት ሳምንት አድርሺልኝ" ሲለኝ ምን ልበለው? እሺ ማለት እችላለሁ። ሥራውን ለብዙ ቤት በትኜ "እንዴትም አድርጋችሁ ጨርሱ" ማለት እችላለሁ። ምንጣፉ በቀኑ ይደርሳል። በየቤቱ ማን እንደተቀመጠበት ግን አላይም። ልጆች የሚገቡት በዚህ በኩል ነው።

ስለ ልጆቹ በግልጽ እንነጋገር። ይህች ከተማ ለዘመናት ያጌጠችው በጋሞ ሸማኔ እጅ ነው። ከዶርዜና ከጨንቻ አካባቢ መጥተው ሽሮ ሜዳን የሽመና ሰፈር ያደረጉ ሰዎች ጋቢያችንንም፣ ኩታችንንም፣ የሠርጋችንን ልብስም ሠርተውልናል። ለእነሱ ትልቅ ክብር አለኝ፤ ወርክሾፓችን ውስጥም አሉ። ከዚህ ሙያ ጎን ግን አንድ የቆየ ቁስል አለ። ከገጠር "ከተማ ወስጄ ላስተምረው" እየተባለ የሚመጣ ልጅ አለ። ከመጣ በኋላ ማግ ያጠነጥናል፤ እግሩ መርገጫው ላይ ሲደርስ ደግሞ ሽመናው ጉድጓድ ውስጥ ይቀመጣል። ትምህርት ቤቱ ይቀራል። የአሜሪካ የሥራ ሚኒስቴር በሕፃናት ጉልበትና በግዳጅ ሥራ የሚመረቱ ዕቃዎችን በሚዘረዝርበት ሰነድ ውስጥ የኢትዮጵያ የእጅ ሽመና ጨርቅ ስሙ ሰፍሯል። በሕፃናት ጉልበትም በግዳጅ ሥራም። የምንወደው ነገር እዚያ ዝርዝር ውስጥ መግባቱ ያማል።

ልጅ ከአባቱ ሙያ አይማር እያልኩ አይደለም። ከትምህርት ቤት መጥቶ፣ ደብተሩን ዘግቶ፣ አባቱ አጠገብ ቁጭ ብሎ መወርወሪያ የሚሞክር ልጅ ሙያ እየወረሰ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ልጅ ባይኖር ሽመናው ራሱ ይጠፋል። ጎህ ሲቀድ ተቀስቅሶ እስከ ማታ የሚሠራው፣ ገንዘቡን ሌላ ሰው የሚቀበልለት ልጅ ጉዳይ ግን ፈጽሞ ሌላ ነው። ሁለቱን ማምታታት ለማንም አይጠቅምም።

ሕግ አለን። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ይከለክላል። 15 ሞልቶት 18 ያልሞላው ወጣት በቀን ከ7 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜም እንዳይሠራ ይደነግጋል። ጥሩ ሕግ ነው። ነገር ግን ይህ አዋጅ የሚገዛው በቅጥር ላይ የተመሠረተ ግንኙነትን ነው። በቤቱ፣ በራሱ ኃላፊነት ሠርቶ በቁራጭ ዋጋ የሚያስረክብ ሸማኔ ከዚህ ውጭ ይወድቃል። የእጅ ሥራችን አብዛኛው ደግሞ የሚሠራው እንዲሁ ነው። ተቆጣጣሪ የእያንዳንዱን ሰው ጓዳ ሊያንኳኳ አይችልም። ገዢ ግን በገንዘቡ እዚያ ድረስ ይገባል። ደብዳቤውን ለእናንተ የጻፍኩት ለዚህ ነው።

በደቡብ እስያ ይህ ጥያቄ ከእኛ በፊት ተነስቷል። ካይላሽ ሳትያርቲ የሚባል ሕንዳዊ የልጆች መብት ታጋይ በ1994 እ.ኤ.አ. ራግማርክ የተባለ የምንጣፍ ምልክት እንዲቋቋም አደረገ። ዛሬ ጉድዊቭ ይባላል። ምልክቱ ያለበት እያንዳንዱ ምንጣፍ የራሱ ቁጥር አለው። ተቆጣጣሪዎች ቀን ሳያስይዙ ወደ መሸመኛ ቤቶች ይሄዳሉ። ሕፃን ሲሠራ ካገኙ አውጥተው ወደ ትምህርት እንዲመለስ ያግዛሉ። ሳትያርቲ በ2014 እ.ኤ.አ. የኖቤል የሰላም ሽልማትን ከማላላ ዩሱፍዛይ ጋር ተካፍሏል። እኔን ከዚህ ሁሉ የሚገርመኝ ግን ሽልማቱ አይደለም። አንድ ቁራጭ ምልክት ዋጋ ያገኘው ሩቅ አገር ያለ ገዢ ሱቅ ገብቶ "ምልክቱ የታለ?" ብሎ ስለጠየቀ ነው። ያ ሰው ባይጠይቅ ኖሮ ምልክቱ ጨርቅ ሆኖ ይቀር ነበር።

አሁን ወደ ግዢ ክፍሎች ልምጣ። ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ሥራችሁ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ኦዲት አለባችሁ። ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስባችሁ ዝቅተኛውን መምረጥ መመሪያችሁ ነው። ግን እስቲ አስቡት። አንዱ አቅራቢ ለአዋቂ ሸማኔና ለፈታይ በአግባቡ ከፍሎ ዋጋ ሞላ። ሌላው ማን እንደሚሠራለት የማይናገር ነው። ፕሮፎርማው ላይ ሁለቱም "በእጅ የተሠራ የሱፍ ምንጣፍ፣ 2 በ3" ብለው ነው የሚጽፉት። ወረቀቱ ላይ ልዩነታቸው ቁጥሩ ብቻ ነው። በዚህ ዓይነት ውድድር ሁልጊዜ የሚያሸንፈው ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም። ስለዚህ የጨረታ ሰነዳችሁ ላይ አንድ መስመር ጨምሩ። አቅራቢው የሠሪዎቹን ዕድሜና የክፍያ ሁኔታ እንዲያሳይ፣ የሥራ ቦታውም ሲጠየቅ ክፍት እንዲሆን ጠይቁ። ያንን ያላሟላ ዋጋው ሳይታይ ይውደቅ። ያኔ ዝቅተኛውን ብትመርጡም ቅሬታ የለኝም።

ክፍያ ላይም አንድ ነገር አለ። አንድ ሆቴል ለክፍሎቹ ምንጣፍና የትራስ ልብስ አዘዘን። ስሙን አልጠቅስም። ያለ ቀብድ ነበር፤ ትልቅ ሥራ ነው ብለን ተቀበልን። ሠርተን አስረከብን፣ ደረሰኝ ቆረጥን። ከዚያ "ፋይናንስ ላይ ነው"፣ "ፈራሚው የለም"፣ "የሚቀጥለው ሳምንት ደውይ" ተጀመረ። ገንዘቡ የገባው ወራት አልፈው ነው። በመሀል ሱፍ የገዛነው በብድር ነው። ሸማኔ የሚበላው ግን በየሳምንቱ ነው። እኛ እንደምንም ቻልነው። ብቻውን ቤቱ የሚሠራ ሰው እንዲህ ቢገጥመው ምን ያደርጋል? ልጁን ከትምህርት ቤት አስቀርቶ አብሮት ያሠራዋል፣ ወይም ዕቃውን ለደላላ ባገኘው ዋጋ ይለቃል። የሆቴሉ ሰዎች ክፉ ሆነው አይመስለኝም። ፋይሉ ጠረጴዛ ላይ ሲያድር ካራ ውስጥ ምን እንደሚሆን አላዩም።

የዓለም ፍትሐዊ ንግድ ድርጅት አባላቱ የሚመሩባቸው 10 መርሆዎች አሉት። ከእነሱ አንዱ፣ የእጅ ሥራ የሚገዛ ነጋዴ አምራቹ ከጠየቀው ቢያንስ 50 በመቶውን ያለ ወለድ ቅድሚያ እንዲከፍል ይላል። ለእኛ አገር ይህ ባዕድ ሐሳብ አይደለም፤ ቀብድ የምንለው ነው። ልብስ ሰፊ ጋ ቀብድ ሳትሰጡ ጨርቅ አታስቆርጡም። ለምንጣፍም እንዲሁ ይሁን። ግማሹን ስታዝዙ ክፈሉ፤ ቀሪውን ስትረከቡ፣ በዚያው ቀን።

መርካቶ በግማሽ ዋጋ አየሁ ለምትሉኝም መልስ አለኝ። እውነታችሁን ነው፣ አለ። አብዛኛው በማሽን የተሠራ የፕላስቲክ ክር ነው። ኪሳችሁ የሚፈቅደው እሱን ከሆነ ግዙት፤ በእሱ ማንም ሊያፍር አይገባም። የማልፈልገው እሱም "የእጅ ነው" እየተባለ እንዲሸጥላችሁ ነው። መለየት ከባድ አይደለም። ምንጣፉን ገልብጡት። በእጅ የታሰረ ከሆነ የፊቱ ጥለት ከጀርባውም በግልጽ ይታያል፣ ቋጠሮዎቹም ትንሽ ትንሽ ይዛነፋሉ። ጫፉ ላይ ያለው ዘርፍ የምንጣፉ የራሱ ድር ነው፤ ከላይ የተሰፋ ከሆነ ተጠራጠሩ። ጀርባው በሙጫ በተለጠፈ ጨርቅ ከተሸፈነ ደግሞ ክሩ በመሣሪያ የተተከለ ነው። ይህኛው በሰው እጅ ቢያልፍም ቋጠሮ የለውም፣ በጣም ቶሎም ይሠራል። መጥፎ ዕቃ ነው አልልም። በታሰረ ምንጣፍ ዋጋ መሸጡ ግን ማታለል ነው።

ለዲዛይነሮች ደግሞ የተለየ ልመና አለኝ። ጥሩ ዓይን አላችሁ። ከእናንተ ብዙ ተምረናል፤ አንዳንዶቻችሁ ከሸማኔዎቻችን ጋር ቁጭ ብላችሁ ጥለት አውጥታችኋል፣ በጣም ያማረ ሥራም ወጥቷል። ግን ቤቱ ሲያልቅ፣ ፎቶው ኢንስታግራም ላይ ሲወጣ፣ የእናንተ ስም አለ፣ የፎቶ አንሺው ስም አለ፣ የሶፋው መደብር ስም አለ። የሸማኔው የለም። ሸማኔው የናንተን ሥዕል ዝም ብሎ አልገለበጠም። የትኛው መስመር በክር እንደማይወጣ የነገራችሁ፣ ጥጉን ያስተካከለው፣ ሁለቱን ቡናማዎች ጎን ለጎን አድርጎ ያሳያችሁ እሱ ነው። ፈቃዱን ጠይቃችሁ ስሙን ጻፉለት። ያንን ፎቶ ለልጆቹ ያሳያል፤ ሌላ ሥራም ያገኝበታል።

እኛ ባለን አቅም የጀመርነውን ልንገራችሁ። ከእያንዳንዱ ምንጣፍ ጀርባ ትንሽ ጨርቅ እንሰፋለን። ፈቃደኛ ከሆነ የሸማኔው ስም አለበት። ሱፉ የመጣበት አካባቢ አለበት። ያለቀበት ወር አለበት። ደንበኛ ለሸማኔና ለፈታይ ስንት እንደተከፈለ ማወቅ ከፈለገ መዝገቡን ከፍቼ አሳየዋለሁ። የእኛን ትርፍም ያየዋል። አንዳንዱ ትርፋችን በዛ ይላል፣ እንነጋገራለን። ይህ ክርክር ደስ ይለኛል፤ ቢያንስ የምንከራከረው በታወቀ ነገር ላይ ነው።

ይህ ጨርቅ ከእኛ ወርክሾፕ ብቻ እንዲወጣ አልፈልግም። የሱሉልታው፣ የለገጣፎው፣ የሰበታው፣ የሽሮ ሜዳው ሠሪም ይስፋው። በየሱቁ ገብታችሁ ምንጣፉን ገልብጣችሁ "ጨርቁ የታለ?" ካላችሁ ሻጮች በራሳቸው ጊዜ ያመጡታል። ጨርቁ ላይ ውሸት የሚጽፍም አይጠፋም። ለእሱ መድኃኒቱ ሄዶ ማየት ነው።

ስለዚህ ኑ። በሥራ ቀን፣ በሥራ ሰዓት፣ ሳትደውሉ ኑ። ቀን አስይዙ አልልም፤ ቀን ተይዞለት የሚታይ ሥራ ቦታ ሁልጊዜ ንጹሕ ነው። የካራ ታክሲ ያመጣችኋል። ሸማኔዎቹን እራሳችሁ አነጋግሯቸው፣ እኔ ወጥቼ እቆማለሁ። የማይመቻችሁ ነገር ካያችሁ እዚያው ንገሩኝ። ትእዛዝ ባትሰጡም ቡና አለ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

የምንጣፍ ወርክሾፕ ሒሳብና ትእዛዝ ተቀባይ
ካራ፣ አዲስ አበባ